የይርጋለም አቮካዶና የሚዛኑ ባለቤት
(ለማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ መንግሥትና ስለ ግል ባለሀብት ትብብር ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ለዓይን የሚታየው ነው፤ መንገዱ፣ የመብራቱ መስመር፣ የፋብሪካው ጣሪያ። በ2013 ዓ.ም. በሲዳማ ይርጋለም፣ በኦሮሚያ ቡልቡላ፣ በአማራ ቡሬ የተመረቁት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የቆሙት በዚሁ የሥራ ክፍፍል ላይ ነው። መሠረተ ልማቱን መንግሥት ያዘጋጃል፤ መሣሪያ ተክሎ ገበያ የሚያፈላልገው ባለሀብቱ ነው። በገበሬውና በፓርኩ መካከልም ምርት የሚሰበስቡ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ታቅደዋል። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነው። ፈተናው ያለው በፍሬው ውስጥ ነው።

ወደ ይርጋለም ፓርክ ቀድመው ከገቡት መካከል የአቮካዶ ዘይት መጭመቂያ ይገኛል። የሲዳማ ገበሬ አቮካዶን የሚያበቅለው በጓሮው፣ ከእንሰቱና ከቡናው ጎን ነው። አቮካዶ ደግሞ እንደ ማንጎ አይደለም፤ ዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፣ የሚለሰልሰው ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ የጎመራውንና ያልጎመራውን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ያለጊዜው የወረደ ፍሬ ውኃው ብዙ፣ ዘይቱ ጥቂት ነው፤ ቢያስቀምጡትም ይጨማደዳል እንጂ ዘይት አይጨምርም።

የማዳበሪያ ዕዳ ወይም የልጆች ትምህርት ወጪ የደረሰበት ገበሬ ግን ፍሬው እስኪጎመራ የመጠበቅ አቅም የለውም፤ ያወርዳል፣ አህያውን ጭኖ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጭነት ከፋብሪካ በር ቢመለስ ገበሬው የሚያስበው ፍሬው እንዳልደረሰ ሳይሆን እንደተበደለ ነው። ለምን አያስብ? የመዘነው፣ የፈረደውና የሚገዛው አንድ ወገን ነውና። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱን ለመንገድ ዳር ነጋዴ ይሰጣል፤ ፋብሪካውም ጥሬ ዕቃ አጥቶ ከዐቅሙ በታች ይሠራል።

የዚህ መፍትሔ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። በካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዘይቱ ከ8 በመቶ ያነሰ አቮካዶ ለገበያ እንዳይቀርብ በሕግ ተደንግጎ ነበር። ቆይቶ ግን ዘይቱን ከመለካት ደረቅ ይዘቱን መለካት እንደሚቀል ታወቀ፤ ውኃው ሲቀንስ ዘይቱ ይጨምራልና። ሥጋው ተፍቆ ይመዘናል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል። አንድ ጥሩ ሚዛንና አንድ ምድጃ (የቤት ማይክሮዌቭም ቢሆን) ይበቃል።

እንግዲህ የመንግሥት ድርሻ በመንገዱና በመብራቱ ሊያበቃ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ በአምራቹና በገዢው መካከል ለሚደረግ ውል ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። ነገር ግን የጥራት መለኪያው በአንደኛው ወገን እጅ የቀረ ውል በመጀመሪያው ጭነት ይፈርሳል። ሚዛኑ መቀመጥ ያለበት በሽግግር ማዕከሉ ነው፤ የሚይዘውም ከፋብሪካውም ከነጋዴውም ደመወዝ የማይቀበል የግብርና ባለሙያ። ባለሀብቱ በበኩሉ እስኪጎመራ ለሚጠብቅ ገበሬ ከዋጋው ከፊሉን አስቀድሞ ይክፈል፤ ይህ ምጽዋት አይደለም፣ የዘይቱ ዋጋ ነው።

ያን ጊዜ ገበሬው ሙሉ ጭነት ይዞ አይመጣም። ጥቂት ፍሬ ለናሙና ያመጣል፤ ሲመዘን አጠገቡ ቆሞ ቁጥሩን ያያል። ካልደረሰም የቀረው ከዛፉ ሳይወርድ ሁለት ሳምንት ይቆያል።