የበቆሎ ቅጠል ስለ ማዳበሪያ የሚሰጠው ምስክርነት



በአገራችን ለብዙ ዓመታት ለገበሬው ይሰጥ የነበረው ምክር አንድ ወጥ ነበር፤ ይኸውም ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ሁለቱ በአንድነት 64 ኪሎ ናይትሮጅንና፣ በኦክሳይድ ስሌት፣ 46 ኪሎ ፎስፎረስ ይይዛሉ። ገበሬው ይህን ብዙ ጊዜ በብድር ይገዛ ነበር። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ተክሉ እንደገባ ግን ከረጢቱ አይናገርም፤ ቅጠሉን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅጠሉም የሚጠየቅበት ጊዜ አለው። በቆሎው ጸጉር ማውጣት ሲጀምር ከእሸቱ አጠገብ ያለው ቅጠል ተቆርጦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ይመረመራል። በዚያ ዕድሜ ናይትሮጅን ከመቶ 2.7 እስከ 4፣ ፎስፎረስ ከ0.25 እስከ 0.5 እጅ፣ ዚንክም በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ከ20 እስከ 70 ሚሊ ግራም ቢገኝ በቂ ይባላል። ጉልበት ካልደረሰ ቡቃያ የተወሰደ ቅጠል በነዚሁ አሃዞች ቢመዘን ፍርዱ ይዛባል፤ ለመሐንዲስ ቢነገር፣ የት እንደተገጠመ ከማይታወቅ መለኪያ ንባብ እንደ መውሰድ ነው።

ዩሪያ ሲጨመር የቅጠሉ ናይትሮጅን ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። አሳሳቹ የሌሎቹ ነገር ነው። ናይትሮጅን ያገኘ በቆሎ ፈጥኖ ይፋፋል፤ ሥሩ ዚንክን በዚያው ፍጥነት ካላቀረበለት በቅጠሉ የሚለካው መጠን ዝቅ ይላል፤ ተክሉ በጠቅላላው የወሰደው ግን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ጠላ ውኃ ሲጨመርበት ጌሾው ከጋኑ አይወጣም፤ ጣዕሙ ግን ይቀጥናል። በአንጻሩ የቀጨጨ በቆሎ፣ ትንሿን ምግብ በትንሽ አካሉ ስለሚያከማች፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የጠገበ መስሎ ሊቀርብ ይችላል።

ፎስፎረስም ከመጠን ሲያልፍ የቅጠሉን ዚንክ ይቀንሳል፤ በለጋ ቅጠሎች ግርጌ፣ ከመኻል ጅማቱ ግራና ቀኝ፣ ነጣ ያለ ሰንበር ይታያል።

በምዕራብ ኢትዮጵያ አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በአፈሩ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፎረሱን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ዳፕ እየተጨመረም ቅጠሉ በፎስፎረስ እጦት ሊደኸይና ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል። ከ2015 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ በዳፕ ፈንታ የገባው፣ 7 ከመቶ ድኝ የያዘው ኤንፒኤስ፣ የድኝን ጉድለት ያቃልላል እንጂ ይህን እስራት አይፈታም። የሚፈታው ኖራ ነው። እንዲህ ያለ ማሳ ላይ የቅጠል ምርመራ «ፎስፎረስ ጎድሏል» ሲል፣ የአፈሩን አሲዳማነት ሳይለኩ «ማዳበሪያ ጨምር» ብሎ መምከር ገበሬውን በሌላ ከረጢት ዕዳ ማስያዝ ይሆናል።