ቱርቦ መኪና ዘይት ሲበላ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

(ሩዋይስ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ ስለ ሞተር ዘይት ተናገሪ የተባልኩት መካኒክ ሆኜ አይደለም። ከአሥረኛ ክፍል ያቆምኩ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ግን እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2018 ሴት እዚህ አገር እንድትነዳ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ከእኛም መሐል ልጆቹን አድርሺ፣ ማዳምን ገበያ ውሰጂ የምንባል አለን። ወንድሞቻችን ደግሞ ድሮም የቤት ሹፌሮች ናቸው። መንጃ ፈቃድ የሌላችሁ ቁልፉን አትንኩ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለምንነዳው ግን፣ መኪናው ሲበላሽ መጀመሪያ ማን እንደሚጠየቅ ታውቁታላችሁ።

የኔ እንዲህ ነው። ከመካ ስንመለስ፣ ያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሊያልቅ ሲል፣ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ አለ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ትንሽ ቆይቼ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ብመዘው ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት የለም። ዘይቱ ከተቀየረ ገና ሁለት ወሩ ነው! በነገራችን ላይ ያ ቀይ መብራት የዘይት ግፊት ወደቀ ማለት ነው። «ቤት ልድረስና አያለሁ» አይባልም፣ እዚያው ማጥፋት ነው። ሰውዬው ግን «አንቺ ስለማታዪ ነው» አሉኝ። ወርሻ ተወሰደ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ደቂቃ አየና «ቱርቦው አልቋል» አለ። ዋጋው የሦስት ወር ደመወዜ ነው። በዚያው ወር 500 ሪያል ተቆረጠብኝ።

ደግነቱ ማዳም ሌላ ሰው ይየው አለች። ሁለተኛው ሽማግሌ የመናዊ ነበር። ኮፈኑን እንኳ ሳይነካ «በሺህ ኪሎ ሜትር ስንት ይበላል?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም መልስ የለንም። «ታዲያ ምኑን ነው የምጠግነው? ለክታችሁ ኑ» ብሎ ሸኘን። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚህች ልኬት ነው።

የምትለኩት እንዲህ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ቦታ ቆሞ፣ ዘንጉን መዝዛችሁ ጥረጉት፣ መልሳችሁ ክተቱት፣ እንደገና ምዘዙ። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉት። ከምልክቱ አታሳልፉ፤ ሲበዛ ሞተሩ ውስጥ ይናጣል፣ በመተንፈሻው ወጥቶም ይቃጠላል። ዘንጉን ከነምልክቱ በስልክ አንሱት፣ ኪሎ ሜትሩንም አንሱት። ከዚያ በየሳምንቱ አርብ እያያችሁ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የጨመራችሁትን ዘይት ደብተር ላይ ጻፉ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ያህል ነው። ትንሽ ዘይት የማይበላ ሞተር የለም። በሺህ ኪሎ ሜትር እስከ አንድ ሊትር ድረስ «ችግር የለውም» የሚሉ ፋብሪካዎችም አሉ። ለኔ ይሄ ብዙ ነው፤ የእናንተን የመኪናው መጽሐፍ ላይ እዩት።

አንድ የኛ ልዩ ነገር አለ፣ መጠበቅ። ማዳም ሱቅ ትገባለች፣ እኛ በዚህ ሙቀት ኤሲ ከፍተን ሁለት ሰዓት ሞተር አስነስተን እንቀመጣለን። ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም፣ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው። ስለዚህ የቆማችሁበትንም ሰዓት ጻፉ።

ዘይት የሚጠፋው ወይ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው ወይ ውስጥ እየተቃጠለ። ለመፍሰሱ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ወደ ቱርቦው ዘይት የሚያስገባውና የሚያስወጣው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ካላበው፣ መኪናውን ስታቆሙ የተቃጠለ ዘይት ይሸታችኋል። የራዲያተር ውሃም እየጎደለ፣ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አትንዱት።

ለመቃጠሉ ከኋላ ጭሱን ሰው ይቅረጽላችሁ። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ጭሶ ከተወ፣ ብዙ ጊዜ ቫልቮቹ ላይ ያሉት ትንንሽ የዘይት ማገጃ ጎማዎች ናቸው። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የሚጨስ ከሆነ የፒስተን ፋሻ ይጠረጠራል፤ እዚህ «ሸናብር» ይሉታል። ብዙ ቆሞ ሲረገጥ ቡፍ የሚል ከሆነ ቱርቦውም የቫልቭ ጎማውም ሊሆን ይችላል። ከጣኢፍ በሃዳ ቁልቁለት እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ ወርዳችሁ፣ ታች ስትረግጡ ከጨሰም ያው ቫልቭ ወይ ፋሻ ነው። ጭስ አላየሁም ብላችሁ ግን አትተማመኑ፤ የዛሬ መኪኖች ማርሚታ ላይ ያለው ማጣሪያ ብዙውን ጭስ ይደብቀዋል።

አሁን ርካሹን አስቀድሙ። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። በጂዳ አቧራ ሲደፈን ቱርቦው አየር ሲያጣ የራሱን ዘይት ይስባል። ቀጥሎ የሞተሩ መተንፈሻ ነው። ከፒስተኑ ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደውን ጋዝ መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚልክ ትንሽ ቫልቭ አለ። ውስጡ ያለችው ስስ ጎማ ከተቀደደች ከጋዙ ጋር ዘይቱንም ይጠጣል። ከተደፈነ ደግሞ ታች ግፊት ይጠራቀማል። የቱርቦው ዘይት በፓምፕ ይገባል፣ ሲወጣ ግን በክብደቱ ብቻ ነው የሚወርደው። ታች ግፊት ካለ መውረድ አቅቶት በቱርቦው ጎን ይወጣል። ሰውም «ቱርቦ አለቀ» ይላል።

ይህን የምትፈትኑት በወጥ ቤት ስስ ፕላስቲክ ጓንት ነው። አትሳቁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ጓንቱን አፉ ላይ አድርጉ። ትንሽ ሳብ ቢያደርገው ደህና ነው። አጥብቆ ከሳበውና ካፏጨ ቫልቩ ተቀዷል፣ እንደ ፊኛ ከነፋው ታች ግፊት አለ። ጓንቱን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ውስጥ እንዳይገባ። ዓባያና ሻሻችሁን ሰብስቡ፣ ማራገቢያው ይጎትታል። ሞተር ከጠፋ በኋላም በራሱ ሊነሳ ይችላል።

የኛን ጓንት አጥብቆ ሳበው። ለክተን ስንመለስ በሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ነበር። ቫልቩ ከነሥራው 180 ሪያል ወሰደ። በሚቀጥለው ሺህ ኪሎ ሜትር የጎደለው ከአንድ የሻይ ብርጭቆ አይበልጥም።

እናንተ ዘንድ ቱርቦው ራሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ዕቃ ነው፣ ያልቃል። ግን «አሳየኝ» በሉት፤ በነሱ «ወሪኒ»። ከቱርቦው የሚወጣው የአየር ቱቦ ሲፈታ ስስ የዘይት ወዝ መኖሩ ደንብ ነው፣ ዘይት ካቆረ ግን አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ዘንጉን ይነቅንቀው። ወደ ጎን ትንሽ ቢላወስ ያለ ነው፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከሄደ ወይም ምላጩ ግድግዳውን ከነካ አልቋል። ሲቀየርም የዘይት ማስገቢያና መውጫ ቱቦው ይጸዳ ወይ ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱም ያው ይሆናል። ፋሻ ነው ካሏችሁ ኮምፕረሽን ይለካ። እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ፦ የዘይት ፋሻው ብቻ ጥላሸት ይዞት ከተጣበቀ ኮምፕረሽኑ ደህና ይመስላል። ወፍራም ዘይት ጨምሩና ተዉት የሚላችሁን አትስሙ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ።

አንድ የቋንቋ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ «መኪና» ሲሉ ሞተሩን ነው፣ የእኛን መኪና «ሰያራ» ነው የሚሉት። የመጀመሪያው መካኒክ ስለ «መኪና» ሲያወራ እኔ ስለ ጠቅላላው መስሎኝ «አዎ፣ አዎ» ስል ነበር። ያቺ «አዎ» ጥፋቴን እንዳመንኩ ተቆጠረች።

ስለ 500 ሪያሉም ጠይቃችሁኛል። ደንቡ ሠራተኛው ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ላበላሸው ነገር እንጂ ከደመወዝ ቁረጡ አይልም። ያረጀች ጎማ መቀደድ የእኔ ቸልተኝነት አይደለም። ይህን ያልኩት ግን ደብተርና ፎቶ ይዤ አልነበረም፣ ያኔ ገና መጻፍ አልጀመርኩም። ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ዘንድሮ ግን ሰውዬው ራሳቸው አርብ አርብ «ደብተሩን አምጪው» ይላሉ።

ጓንት ይዤ መጥቻለሁ። ውጭ የቆመው የወንድማችን መኪና ቱርቦ ነው፣ ክዳኑን ልክፈት ብሎ ፈቅዷል። ኑ፣ እንየው።