የቀንደ ረጅም ጢንዚዛዎች አመዳደብና የጎንደር ደጋ
(ለማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በጎንደር ከተማ የአንድ ቤት ማገር ተቦርቡሮ ዱቄት ሲያፈስ የቤቱ ጌታ «ነቀዝ ገባበት» ይላል። ቃሉ ለዕለት ንግግር ይበቃል፤ ለባለሙያ ግን አይበቃም። በዚህ አንድ ስም ሥር ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ነፍሳት ተጠቃለዋልና።

ከእነዚህም አንዱ ሴራምቢሲዴ የተባለው የቀንደ ረጅም ጢንዚዛዎች አስተኔ ነው። ፈረንሳዊው ላትሬይ በ1802 እ.ኤ.አ. ከሰየመው ወዲህ ከ30,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። ቀንዱ አጭር የሆነም ስለሚገኝ ርዝመቱ ብቻውን መለያ አይሆንም። አጥኚው የዐይኑን ቅርጽና የእግሩን ጫፍ አንጓዎች ጭምር ይመረምራል። ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደው አብዛኛውን ጊዜ ላሚኔ ከተባለው ንዑስ አስተኔ ይመደባል።

ይህ ሁሉ ልፋት ስለ ምን ነው? ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በደከመ ወይም አዲስ በተቆረጠ ዛፍ ላይ ነው፤ ተልጦ በደረቀ ማገር ላይ ዳግም አይራቡም። በአንጻሩ ሃይሎትሩፐስ ባጁሉስ የተባለው የአውሮፓ ዝርያ የደረቀ የፓይን እንጨት ደጋግሞ ያጠቃል። ስለዚህ ስሙን የሳተ ሰው ወይ ደኅናውን ማገር አውጥቶ ሌላ ዛፍ ያስቆርጣል፤ ወይም አደጋውን ንቆ ጣሪያውን ያጣል።

የስሜንን ተራሮች ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዛዊው የነፍሳት ሊቅ ሂው ስኮትም በ1952 እና በ1953 እ.ኤ.አ. ጎብኝተዋቸዋል። ኦስትሪያዊው ሽቴፋን ፎን ብሮይኒንግ ደግሞ ለዚሁ አስተኔ ከ7,000 በላይ ስሞችን አውጥቷል። የአንድ ዝርያ ስም የሚጸናው በተመረጠ ናሙና ነው፤ ያም ናሙና ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአውሮፓ ቤተ መዘክር ነው። ከደባርቅ የተያዘን ጢንዚዛ በእርግጠኝነት ለመሰየም የሚሻ ባልደረባ ባሕር ማዶ ለማመሳከር ይገደዳል።

ሆኖም ባሕር ማዶ የማይገኝ ዕውቀት እዚሁ አለ። ሲበር የተያዘ ጢንዚዛ ያደገበትን ዛፍ አይናገርም። ዛፉን የቆረጠው ገበሬ ግን እጩ ከወይራ፣ ከኮሶ ወይም ከአስታ መውጣቱን ያውቃል። የተበሳውን ግንድ በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ ሣጥን አኑሮ ጢንዚዛው እስኪወጣ መጠበቅ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በናሙናው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የዛፉ ስም ሲጻፍ፣ የጎንደር ደጋ ናሙና የሚወሰድበት ብቻ ሳይሆን ዕውቀት የሚገኝበትም አገር ይሆናል።