ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ማን ነው?

ምርጫ ጣቢያ ገብታችሁ የተሰጣችሁን ወረቀት እስቲ አስታውሱ። የዕጩዎች ስም አለ፤ መለያ ምልክታቸው አለ። «ለጠቅላይ ሚኒስትርነት» የሚል ግን አታገኙም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 የመንግሥቱ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። እኛ የምንመርጠው የአካባቢያችንን ተወካይ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ይመርጣል። አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታቸውን ከኮንግረሱ ለይተው ይመርጣሉ፤ ስለዚህ ኮንግረሱ ሥራውን ስላልወደደው ብቻ አያነሳውም። የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። ሊጠየቅ፣ ሊመረመር ይገባዋል።

የሥርዓቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ ድክመቱም እንዲሁ። በ2007ቱ ምርጫ የወቅቱ ገዥ ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ። ሁሉም ወንበር የአንድ ወገን ሲሆን ጠያቂው ከወዴት ይመጣል? ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት፣ አባላቱ የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ ግማሽ ሥራውን አጥቷል ብዬ አምናለሁ።

ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመውስ? ብዙዎቻችን ፍርድ ቤት ይመስለናል። ሥልጣኑ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ እዚያ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝቡ ደግሞ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያጣራው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሷል የሚል ሰውም የመንግሥት አካል በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ላይ አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው ወደዚሁ ጉባኤ ነው።