የልብ ጫና በደም ጠብታ ሲለካ



ሐኪም ሳልሆን ስለ ልብ እንድናገር መጋበዜ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ልብ ግፊትና ፍሰት ያለበት ፓምፕ እንደ መሆኑ መጠን ለመሐንዲስ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ልዩነቱ፣ እኛ በፓምፕ ላይ የግፊት መለኪያ የምንገጥም ስንሆን፣ ልብ ግን የጫናውን ምልክት ራሱ ወደ ደም የሚልክ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ በካናዳ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል ያወጡትን ጭማቂ ለሌሎች አይጦች ቢወጉ፣ እንስሳቱ ጨውና ውሃ በሽንታቸው በብዛት ሲያስወጡ ተመለከቱ። ልብ ደም ከመግፋት አልፎ ሆርሞን የሚያመነጭ መሆኑ በዚህ ተገለጠ። በ1988 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ከአሳማ አንጎል ስላገኙ ስሙን በአንጎል ሰየሙት፤ ቢ.ኤን.ፒ. የሚባለው ይኸው ነው። ዋነኛ ምንጩ የልብ የታችኛው ክፍል መሆኑ ኋላ ቢረጋገጥም የተሳሳተው ስም እንደ ጸና ቀርቷል። (የእኛም ሙያ ከዚህ ዐይነቱ ስም አወጣጥ ነጻ ነው አልልም።)

የልብ ግድግዳ ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ሕዋሳቱ 108 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሞለኪውል ያዘጋጃሉ። ይህም 32 አሚኖ አሲዶች ወዳሉት ቢ.ኤን.ፒ. እና 76 ወዳሉት ኤን.ቲ. ፕሮ ቢ.ኤን.ፒ. ይከፈላል። የኋለኛው በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ጥቅሙ የሚታየው ትንፋሽ አጥሮት በሌሊት በመጣ በሽተኛ ላይ ነው፤ የታመመው ሳንባው ነው ወይስ ልቡ? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ 1,586 በሽተኞችን የያዘ ጥናት፣ በሚሊ ሊትር 100 ፒኮግራም ድንበር ሲደረግ የቢ.ኤን.ፒ. ፍርድ ከመቶ 83 ያህል ትክክል መሆኑን አሳይቷል። ዕድሜና የኩላሊት ድካም ቁጥሩን ከፍ፣ ውፍረት ደግሞ ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ታላቁ ኃይሉ የልብ ድካም የለም ለማለት ነው። በእኔ አስተያየት አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ዝቅ ያለ ቁጥር በሽተኛውን ወደ ቤቱ ይሰደዋልና።

ይኸን የምለው ካየሁት ተነሥቼ ነው። በአንድ ሆስፒታል መሣሪያ ለመጠገን ተጠርቼ ስመረምረው ምንም ጉድለት አላገኘሁበትም። የመቆጣጠሪያው ፈሳሽ ግን ከሚገባው በታች ይነበባል። ምክንያቱን ፍለጋ ስንዞር ከቆየን በኋላ ለካስ በመብራት መቋረጥ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሞቆ፣ በውስጡ የነበረው የመመርመሪያ ኬሚካል ተበላሽቷል! በእነዚያ ቀናት ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ የተነበበ ሰዎች እየተፈለጉ እንደገና ተመረመሩ። አንዲት እናት ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ስለ ነበር ሊገኙ አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ በማቀዝቀዣው ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ገጥመናል፤ ዋጋው ከመለኪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፤ ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ ልባችሁ እንዳትጠይቁኝ አደራ።