የሱፍ ሰደርያ ስለ መሥራት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከእጅ ሥራ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርለት የመረጥነው ነገር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም እጅጌ የሌለው የሱፍ ሰደርያ ነው። ነገር ግን ከተማችን ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከሩቅ ገጠር መጥተው፥ ቤት ተከራይተው በሚማሩት ጓደኞቻችን ላይ ደግሞ ብርዱ ይጸናል። ደረቱን እየበረደው የሚቀመጥ ተማሪ ልቡ ከትምህርቱ ጋር ሊሆን አይችልም።

የብርዱ መድኃኒት ግን ከደጃችን አለ። የመንዝን በግ ሱፍ እናቶቻችን ይፈትሉታል፤ ሸማኔዎቻችንም ባናና ዝተት ይሠሩበታል። ሱፍ የሚያሞቀው በጠጕሩ መካከል አየር ይዞ የገላን ሙቀት ስለሚያቆይ ነው። የአገራችን ክር ሻካራ ስለ ሆነ ከሸሚዝ በላይ መልበስ ይሻላል። እጅጌ መቅረቱም ክር ይቆጥባል፥ ክንድንም ለጽሕፈት ነጻ ያደርጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድመን በሁለት መርፌ ትንሽ ሙከራ ሠርተን፥ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ እንቈጥራለን። 16 ቢሆን፥ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጀርባ 80 ቀለበት እንጀምራለን ማለት ነው። የታችኛውን ጠርዝ አንድ ቀለበት በፊት፥ አንድ ቀለበት በኋላ እያልን ብንሠራው ይለጠጣል። ብብት ስንደርስ ከሁለቱም ጎን ቀለበት እንቀንሳለን። ፊቱም እንደ ጀርባው ነው፤ ነገር ግን ለአንገቱ ከመካከል ይከፈላል። በመጨረሻ ትከሻውንና ጎኑን እንሰፋለን። ሲታጠብ በፈላ ውሃ አይታሽ፤ ሱፍ ይኰማተራልና።

አንዳንድ ወንዶች ጓደኞቻችን «ይህ የሴት ሥራ ነው» ይሉናል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ታዲያ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ መርፌ መያዝ ሊያሳፍረን ይገባልን? መርፌ መያዝ ካሳፈረ፥ በብርድ መንቀጥቀጥስ ምን ያኰራል?

ስለዚህ ወላጆች ጥቂት የተፈተለ ሱፍ እንዲሰጡን፥ ትልልቆቹ ተማሪዎችም እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ተማሪ እንዲያስተምሩ እንለምናለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።