ባለጉዳዩ እየሰማ፦ የልማት ድርጅቶችን በአካባቢ መገናኛ ብዙኃን የሚያስተዋውቁ በጎ ፈቃደኞች ኃላፊነት



የዛሬው ንግግሬ ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ለአንድ የልማት በጎ አድራጎት ድርጅት ያለ ክፍያ ዜና የሚጽፍ፣ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ እንግዳ የሚያፈላልግ፣ ለአካባቢ ጋዜጣ ፎቶግራፍ የሚያደርስ በጎ ፈቃደኛ ምን ዓይነት ኃላፊነት አለበት? ከእናንተም መካከል ይህን ሥራ የጀመራችሁ፣ ነገም የምትጀምሩ ትኖራላችሁ።

በቅድሚያ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ ተምረን ላደግን ሰዎች በጎ ሥራን በሬዲዮ ማስነገር ይከብደናል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። ከራሱ ኪስ የሚሰጥ ሰው ቢሰወር ያምርበታል። የሌሎችን ገንዘብ ተቀብሎ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት ግን ባለአደራ ነው፤ አደራም በአደባባይ ይቆጠራል። ስለዚህ ማስተዋወቅ ሲባል፣ በመሠረቱ፣ ሒሳብ ማቅረብ ነው።

ሒሳቡ የሚቀርበው ለማን ነው? እስካሁን በአብዛኛው ሲቀርብ የቆየው ሩቅ ላለው ለጋሽ ነው። በግንቦት 1973 ዓ.ም. ተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም በጀርመንኛ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን መዝናኛ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተመልካቹን ለአፍሪካ ገንዘብ ጠየቀ፤ ከወራት በኋላ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሥርቶ በሐረርጌ፣ በኤረር ሸለቆ ሥራ ጀመረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ቢቢሲ ማይክል ቡርክ ከኮረም ያጠናቀረውን፣ መሐመድ አሚን የቀረጸውን የረኀብ ዘገባ አሰራጨ። በዚያው ዓመት በሐምሌ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የሙዚቃ ዝግጅት ያ ዘገባ ከቀሰቀሳቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ ነበር።

እነዚህ ጥሪዎች ሕይወት ማዳናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን በኮረም መጠለያ የነበሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው ለዓለም የተነገረውን ሰምተው «ይህ ጎድሏል፣ ይህ ተሳስቷል» የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የወጡት የሥነ ምግባር ደንቦች ይህን ክፍተት ለመሙላት ይሞክራሉ። የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ምስልና ስለ መልእክት አቀራረብ ደንብ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ያወጣው ደንብም፣ በ10ኛው አንቀጹ፣ በአደጋ የተጎዱ ሰዎች በማስታወቂያና በመግለጫ ሲቀርቡ ሰብአዊ ክብራቸው እንዲጠበቅ ይጠይቃል።

የአካባቢ መገናኛ ብዙኃን የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። በማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚወራለት ሰው ራሱ አድማጭ ነው። «መንደሩ ንጹሕ ውኃ አገኘ» የሚለው ዜና ሲነበብ፣ የእጅ ፓምፑ ከተሰበረ የሰነበተባት እናት ጀሪካኗን ተሸክማ ወደ ወንዝ እየወረደች ልትሰማው ትችላለች። ደንብ ሊያስከብረው የሚታገለውን እውነት እዚህ ጎረቤት ያስከብረዋል።

ከዚህ በመነሣት ለበጎ ፈቃደኛው ሦስት ልማዶችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከምረቃው ቀን በኋላ ተመልሶ ይሂድ። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የፓምፑን ቁልፍ ማን ይይዛል? መለዋወጫው ከየት ይገዛል? ለአንድ ጀሪካን ስንት ይከፈላል? ዜናው ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ሰው የጻፈውን ከመላኩ በፊት ሰውዬው በሚሰማው ቋንቋ ያንብብለት፤ ፈቃድ ማለት ወረቀት ማስፈረም ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ ድንጋይና አሸዋ ያመላለሰውን፣ ቦይ የቆፈረውን ነዋሪ አይርሳ። ተረጂ ብቻ ተብሎ የተጠራ ሰው የገዛ ሥራው ተወስዶበታል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ክፉ ወሬ ሲመጣ ነው። ፓምፑ ቆሟል፤ ድርጅቱ ደግሞ የለጋሾቹን ፊት ፈርቶ ዝምታን ይመርጣል። በጎ ፈቃደኛው ምን ያድርግ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ ለድርጅቱ ይንገር፤ በሬዲዮም «ቆሟል፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ለመጠገን የታሰበው ይህ ነው» ተብሎ እንዲነገር ይሟገት፤ እንቢ ከተባለም ስሙን ለሐሰት አያውስ። ደመወዝተኛ እንጀራውን ይፈራ ይሆናል፤ በጎ ፈቃደኛ ግን በፈቃዱ እንደገባ በፈቃዱ ሊወጣ ይችላል። ያለ ክፍያ የሚሰጠው አገልግሎት ትልቁ ጥቅም ወጪ መቆጠቡ ሳይሆን ይህ ነጻነት ነው።

የመንደሩ ሰው ፓምፑ መቆሙን ከማንም በፊት ያውቃል። የተደበቀው ነገር የሚደበቀው ከሩቁ ሰው ብቻ ነው፤ የቅርቡ ሰው ግን በዚያው ቀን በድርጅቱም በሬዲዮውም ላይ ያለውን እምነት ያጣል። ቀጣዩን ቦይ የሚቆፍረውም፣ የውኃ ኮሚቴውን የሚመርጠውም ይኸው የቅርቡ ሰው ነው።